የማይጨብጥ እጅ

ሥራ አስኪያጁ በስልክ «እንኳን ደስ አለሽ!» ሲላት መርማሪዋ ሰው መሞቱን ጠረጠረች። እሷ በምትሠራበት ኢንሹራንስ ቤት እንዲህ ያለ ደስታ የሚመጣው ወይ ካሳ ጠያቂ ሲሞት ነው፣ ወይ አስመሳይ ሲያዝ። የዚያን ቀን ሁለቱም ተያይዘው መጥተው ነበር።

«ያ መስታወት ቆራጭ፣» አላት፣ «ሎጋው የሚሉት፣ ቀኝ እጄ ሞቷል ብሎ ካሳ የጠየቀን። ትናንት አመሻሽ ላይ ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። በየትኛው እጁ ምን ይዞ ቢሆን ጥሩ ነው?»

«እንቆቅልሽ አልወድም።»

«በቀኝ እጁ የመስታወት መቁረጫ! ለካስ ጓዳው ተደብቆ ሲሠራ ኖሯል። መቁረጫውን የሚነክርበት ላምባ ወለሉ ላይ ፈሶ ተንሸራተተና ጭንቅላቱን ከጠረጴዛው ብረት ጋር አጋጨ። ፖሊስ አደጋ ነው ብሏል። አንቺ ደግሞ ማጭበርበር ነው ብለሽ ሁለት መስመር ጻፊልኝና ፋይሉን እንዝጋው።»

«ካየሁ በኋላ።»

«ምኑን ነው የምታዪው?»

«እጁን፣» ብላ ዘጋችበት።

ወንበሯ ላይ ጉንዳን የፈሰሰ ይመስል ተቀምጣ ማሰብ የማትችል ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ሳለች ፈተናዋን ከሁሉም ቀድማ ጨርሳ ትወጣና በር ላይ ሆና ሌሎቹ እስኪወጡ ትንቆራጠጥ ነበር። ሊፍት አትጠብቅም። ሰው ወሬውን ከአያቱ ዘመን ሲጀምርላት «ወደ መጨረሻው እንሂድ» ትላለች። ባልደረቦቿ ይህን ጠባይዋን አይወዱትም፤ ሥራ ሲከብዳቸው ግን የሚሄዱት ወደ እሷ ነው።

ወደ ሆስፒታሉ እየተራመደች ፋይሉን በሐሳቧ ገለጠችው። ከወራት በፊት በመስታወት ቤቱ አደጋ ደርሶ ነበር። ትልልቆቹ መስታወቶች የሚደገፉበት የብረት መደርደሪያ አለ፤ ወደፊት እንዳይወድቁ ከፊታቸው ሰንሰለት ይታሰራል። አንድ ቀን ሰንሰለቱ ተፈትቶ ቀረና መስታወቱ ወረደ። አንድ ወጣት ጫኝ እዚያው ሞተ። ሎጋው የቀኝ እጁ ጅማትና ነርቭ ተቆረጠ። ሰንሰለቱን ማን ፈታው ሲባል አንድ ምስክር ብቻ ተገኘ፤ ቀልዴ የሚባለው የሎጋው ባልደረባና የልብ ጓደኛ። እሱም «እኔ አስሬው ነበር፤ የፈታው ሟቹ ጫኝ ነው» አለ። ሙት መልስ አይሰጥም። በዚህ ቃል ምክንያት የጫኙ እናት «ልጅዎ በራሱ ጥፋት ነው የሞተው» ተብለው ካሳ ተከለከሉ። ሎጋው ደግሞ «እኔ አላየሁም» ብሎ ዝም አለ። የራሱን ካሳ የሚወስነው አጣሪ ኮሚቴ ሊሰማው የቀጠረው ነገ ነበር።

በሆስፒታሉ የሬሳ ክፍል በር ላይ አንድ ሳጅን ግድግዳ ተደግፎ ያዛጋ ነበር።

«እህት፣ የምትለፊው በከንቱ ነው፣» አላት። «ይኸው ፎቶው።»

ስልኩን ተቀብላ ምስሉን አሰፋችው። ረጅሙ ሰውዬ በጀርባው ተዘርግቷል። ቀኝ እጁ ደረቱ ላይ አርፏል። መቁረጫው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የብረት መንኮራኩር ያለው እስክሪብቶ የሚያህል መሣሪያ፣ በጠቋሚና በመካከለኛ ጣቱ መካከል ቆሟል፤ አውራ ጣቱ ከሥር ደግፎታል።

«ሲወድቅም አልለቀቀውም?»

«አልለቀቀውም።»

«አንተ ብትንሸራተት መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?»

ሳጅኑ አሰበ። «እዘረጋለሁ። የሚያዝ ነገር እፈልጋለሁ።»

«እሱ ግን እንደ ሙሽራ አበባ አቅፎ ተኛ፣» አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

ሐኪሙ አንሶላውን ገለጠላት። መርማሪዋ ፊቱን ለአፍታ አይታ ወደ እጁ ጎንበስ አለች። ጠባሳው ከእጅ አንጓው በላይ ዞሯል። በአውራ ጣትና በጠቋሚው መካከል ሊኖር የሚገባው ሥጋ የለም፤ ቦታው ሰርጉዷል። የሦስት ጣቶቹ ሆድ ላይ ደግሞ የዳነ ቃጠሎ አለ።

«ይህ እጅ ይጨብጣል?» አለች።

«ከላይ ሲታይ አይመስለኝም። ግን 'አይመስለኝም' ለናንተ ቤት አይበቃም አይደል? ከፍቼ ነርቩን ልየው።»

ልብሱ አጠገቡ ተጣጥፎ ነበር። ሸሚዙን አነሳች። ነጭ ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ተሰልፈዋል፤ ልትፈታው ስትሞክር ግን አንዱም የሚገባበት ቀዳዳ አልነበረውም። ከሥር በኩል የተሰፋው ተጣባቂ ጨርቅ ጠረር ብሎ ተለቀቀ። ቁልፎቹ ለታይታ ብቻ የተሰፉ ናቸው።

«እንሂድ፣» አለችው ሳጅኑን፤ እሷ ግን በሩን አልፋ ሄዳለች።

የሎጋው ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። የፊተኛው ክፍል በጨርቅ ተሞልቷል፤ የስፌት መኪናው ላይ ያላለቀ ቀሚስ ተጋድሟል። ዓይኗ ቀልቷል፣ ድምፅዋ ግን ደረቅ ነው።

«ከኢንሹራንስ ነሽ አሉ። አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ ነው እንግዲህ። ተቀመጪ እህቴ።»

«ቆሜ ይሻለኛል። ትናንት የት ነበርሽ?»

«ልብስ ላደርስ ወጣሁ። ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል፤ የማንም ድምፅ የለም። ወደ ኋላ ስገባ እንዲያ ሆኖ...» አቋረጠችና ከጉልበቷ ላይ የክር ቁራጭ ለቀመች። «አሁን አጭበርባሪ ነበር ልትሉት ነው። ቤቱም ይወሰዳል፣ ለሕክምና ያወጣችሁትንም መልሺ ትሉኛላችሁ። እኔ ግን አብሬው ኖሬያለሁ። ያ እጅ መርፌ አያነሳም።»

«ሸሚዙን አይቻለሁ።»

ሚስትየዋ ቀና አለች። «እኔ ነኝ የሰፋሁት። እንደ ሕፃን ሰው ቆልፎልኝ አልወጣም አለ። ቁልፉን ከላይ ሰፋሁለት፣ ማንም እንዳያውቅበት።»

«ይህ ነው ያልገባኝ። ካሳ የሚጠይቅ ሰው ጉዳቱን በአደባባይ ያሳያል። ያንቺ ባል ይደብቀዋል?»

«ሐኪምና ኮሚቴ ፊት አይደብቅም። ሰው ፊት ነው። በተለይ ቀልዴ ሲመጣ እጁን ኪሱ ይከተዋል።»

«ለምን በተለይ ቀልዴ?»

«እኔ እንጃ። መጀመሪያ አካባቢ ቀልዴ በመጣ ቁጥር እያለቀሰ ነበር። 'እጅህን እኔ ነኝ የበላሁት' ይላል፣ ደረቱን ይደቃል። ሥራ አቆመ፣ እንቅልፍ አጣ። አንድ ቀን ሎጋው ወደ ኋላ ክፍል ወሰደውና ዘጉ። ምን እንዳወሩ አላውቅም፤ ሲወጡ ግን ቀልዴ እየሳቀ ነበር። ከዚያ ወዲህ አላለቀሰም። ባሌ ደግሞ ከዚያ ወዲህ እጁን መደበቅ ጀመረ።»

መርማሪዋ መንጎራደዷን አቆመች። ለትንሽ ጊዜ ብቻ።

«ወደ እናንተ ቤት ማን ማን ይመጣል?»

«ማን ይመጣል ብለሽ! የታመመ ቤት ሰው ይጠፋዋል። ቀልዴ፣ ጠበቃው፣ አንዳንዴ ባለ መስታወት ቤቱ። አዎ፣ ደግሞ ባለፈው ሰሞን የጫኙ እናት መጥተው ነበር። ምንም አላሉም። በር ላይ ተቀምጠው ውሃ ጠጥተው ሄዱ። ያን ቀን ባሌ እራት አልበላም።»

የኋላው ክፍል ጠባብ ነው። ጠረጴዛው ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ለብሷል፤ የብረት ጠርዙ ላይ የደረቀ ደም አለ። መስታወቱ በላዩ ተዘርግቷል፤ የመቁረጫው መስመር እንደ ፀጉር ቀጥ ብሎ ከዳር እስከ ዳር ሄዷል፣ ሳይቋረጥና ሳይደገም። መርማሪዋ ጣቷን ብታስጠጋ አቧራ ነካች። መስመሩ በአቧራው ላይ ነው ያለፈው። የተለካበት ምልክት የለም።

«መስታወት ያዘዘው ሰው ነበር?» ስትል ጮክ ብላ ጠየቀች።

«ማን ያዛል? ይህ መስታወት ከበሩ ኋላ ቆሞ የኖረ ነው፣» አለች ሚስትየዋ ከፊት ክፍል።

ጠበቃውን በስልክ አገኘችው፣ መንገድ እያቋረጠች። ጠበቃው ሰላምታውን ከማብቃቱ በፊት ስለ ሕጉ ሦስት አንቀጽ ጠቀሰላት።

«ወደ መጨረሻው እንሂድ፣» አለችው። «ሎጋው ኮሚቴው ፊት ምን ሊል ነበር?»

«እኔን አላስተኛ ያለኝ እሱ ነው! ከትናንት በስቲያ ቢሮዬ መጣና 'ሰንሰለቱን ያላሰረው ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ነገሬን እቀይራለሁ' አለኝ። ማን ነው ስለው 'መጀመሪያ ለራሱ ልንገረው። ከኮሚቴው አፍ ሲሰማው ነውር ነው፤ ቤቴ ጠርቼ እነግረዋለሁ' አለ። ደግ ሰው ነበር። ለጠበቃ ደግ ሰው መከራ ነው።»

«ባለ መስታወት ቤቱን ነው ወይስ ጓደኛውን?»

«ሰንሰለቱ አሮጌ ነው ከተባለ ባለ መስታወት ቤቱ ይጠየቃል። ካልታሰረ ደግሞ ያላሰረው ይታሰራል፤ ሰው ሞቷልና። ስም ግን አልሰጠኝም።»

መስታወት ቤቱ ውስጥ ማሽን ያፏጫል፤ ረዣዥም መስታወቶች ሰውን በቁራጭ በቁራጭ ያሳያሉ። ባለቤቱ ወፍራም፣ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሽማግሌ ናቸው። ሠራተኞቹ ጋሼ ይሏቸዋል።

መርማሪዋ ከአንድ ጠረጴዛ ላይ መቁረጫ አንስታ ሰጠቻቸው። «ጋሼ፣ ይህን እንዴት ነው የሚይዙት?»

ሽማግሌው ሳያስቡት ተቀበሏት። በጠቋሚና በመካከለኛው ጣት መካከል አቆሙት፣ አውራ ጣታቸውን ከሥር ሰደዱ።

«እንደ እስክሪብቶ አይያዝም?»

«እንደ እስክሪብቶ የያዘው ጀማሪ ነው። በቡጢ የያዘው ደግሞ እንግዳ ነው።»

«ሎጋው አቧራ ያለበት መስታወት ይቆርጥ ነበር?»

«ሎጋው? ሳይጠርግና ሳይለካ? የኔ ልጅ፣ እሱ እኮ ከመቁረጡ በፊት መስታወቱን እንደ ፊቱ የሚያጥብ ሰው ነበር።»

«እርስዎ እጁ ደህና እንዳልሆነ ያውቁ ነበር።»

ጥያቄ አልነበረም። ሽማግሌው መቁረጫውን መልሰው አስቀመጡት፣ ግራና ቀኝ አዩ።

«ማን ነገረሽ?»

«ጣቶቹ። ተቃጥለዋል። ቤቱ የሚመጡት ደግሞ ጥቂት ሰዎች ናቸው።»

«ይቅር ይበለኝ፣» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አስመሳይ ነው ሲሉኝ ልፈትነው ብዬ ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ ሻይ አቀረበች። እያወራን የሚፋጀውን ብርጭቆ ገፋ አድርጌ ቀኝ እጁ ላይ አስደገፍኩት። ሰውዬው እየሳቀ ያወራኛል፤ ቆዳው ይላጣል። እኔ ነኝ መጨረሻ ላይ አንስቼ የወሰድኩት።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«በራሱ ላይ የሚመሰክር የት አይተሻል ልጄ?»

ቀልዴ ግቢ ውስጥ የተሰበረ መስታወት ሲጠርግ ነበር። አጭር፣ ፈጣን፣ አፉ የማይዘጋ ሰው ነው። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል።

«እመቤቴ፣ የኢንሹራንስ ሰው ሳይ የሚያመኝ ቦታ ይጠፋኛል፣» አለ።

«ትናንት አመሻሽ የት ነበርክ?»

«ቤቴ ተኝቼ። ምስክሬ ትራሴ ነው፤ እሱ ደግሞ ታማኝ ነው፣ አያወራም።»

«ለሎጋው ታለቅስ ነበር አሉ። ምን አስተወህ?»

መጥረጊያው ቆመ። «የእንባም ቧንቧ ይዘጋል እኮ።»

«አንድ ቀን ብቻውን በአንዴ?»

«ባለሙያ ቧንቧ ሠራተኛ ካገኘ።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ጥርሱ ላይ ቀረ።

መቁረጫውን ዘረጋችለት። «ያዛት እስቲ።»

«እጄ ቆሻሻ ነው።»

«እጁ ይሠራ ነበር ወይስ አይሠራም?»

ቀልዴ መሬት መሬቱን አየ። «እኔ ሐኪም ነኝ? ሙት አይወቀስም፤ ግን... ሎጋው ብልጥ ነበር። ይህን ብቻ ነው የምልሽ። ሰው የሚያየውን ሁሉ አይመን።»

መርማሪዋ አመሰገነችው። መንገድ ላይ ስትወጣ እንደ ልማዷ አልፈጠነችም። ሐኪሙ እስኪደውልላት ድረስ አንድ ሱቅ በር ላይ ስትወጣና ስትወርድ ቆየች። ከደወለላት በኋላ ለሳጅኑ፣ ለጥቆ ለሥራ አስኪያጇ ደወለች።

በነጋታው ሁሉም በሎጋው የኋላ ክፍል ተሰበሰቡ። ሚስትየዋ በሩ አጠገብ፣ ጠበቃው ቦርሳውን አቅፎ፣ ጋሼ ብቸኛው ወንበር ላይ፣ ቀልዴ ግድግዳውን ተደግፎ። ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን እያስተካከለ ሰዓቱን ያያል። ሳጅኑ መውጫው ላይ ቆሟል፤ ዛሬ አያዛጋም።

«ቶሎ እንጨርስ፣» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እኔም ቶሎ ነው የምወደው። ከመጨረሻው ልጀምር፣» አለች መርማሪዋ። «ሐኪሙ እጁን ከፍቶ አይቷል። ነርቩ ከተቆረጠበት ቀን ጀምሮ አልገጠመም። ያ እጅ መቁረጫ ይቅርና ክር አይይዝም ነበር።»

ሚስትየዋ አቀረቀረች። ጠበቃው ራሱን ነቀነቀ። ጋሼ ጫማቸውን አዩ። ከግድግዳው በኩል አንድ ድምፅ «አይደለም» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው በለሆሳስ። መርማሪዋ ዞር ብላ አላየችውም።

«እንግዲህ የማይጨብጥ እጅ ውስጥ መቁረጫ ተገኘ። ራሱ አልያዘውም፤ ሰው አስያዘው። ሎጋው የሞተው ሲቆርጥ ተንሸራቶ አይደለም። አንድ ሰው እዚህ ክፍል አብሮት ነበር፤ ሲሞት ደንግጦ አደጋ ለማስመሰል ሞከረ። ከበሩ ኋላ የቆመውን መስታወት አመጣ፣ አቧራውን ሳይጠርግ፣ ሳይለካ አንድ መስመር ሰነጠቀበት፣ ላምባ አፈሰሰ። ሎጋው እንዲያ አይሠራም።»

«ማን ነው ታዲያ?» አለ ሥራ አስኪያጁ። ሰዓቱን ረስቶታል።

«መቁረጫው የተያዘው በሁለት ጣት መካከል ነው። እኔ ባስይዘው እንደ እስክሪብቶ አደርገው ነበር። ጠበቃውም እንደዚያው። መስመሩም ያልተደገመ፣ የሠለጠነ እጅ መስመር ነው። ይህን የሚያደርግ መስታወት ቆራጭ ነው።»

«ሚስቱስ? ከቆራጭ ጋር ነው የኖረችው።»

«ሚስቱ ካሳውን የምታገኘው እጁ የሞተ ከሆነ ነው። በገዛ እጇ መቁረጫ አስይዛ ካሳዋን ትገድላለች? ጠላት እንኳ እንዲህ አይመክራትም። ቆራጮች ሁለት ቀሩ፤ ጋሼና ቀልዴ።»

ሽማግሌው ተነፈሱ። ወንበሩ ሲጥጥ አለ።

«ጋሼ ጥሩ ምክንያት ነበራቸው። ሎጋው አጭበርባሪ ቢባል ከመጠየቅ ይድናሉ። እኔም ትናንት እስከ ቀትር እሳቸውን ነበር የጠረጠርኩት። ግን ጋሼ እጁን በሚፋጅ ብርጭቆ ፈትነውታል፤ ቃጠሎው አሁንም ጣቶቹ ላይ አለ። የሞተ እንደሆነ በዓይናቸው አይተዋል። የሚያውቅ ሰው ሐኪም አንድ ጊዜ ቢያየው የሚፈርስ ተንኮል አይሠራም።»

ወዲያ ወዲህ ማለቷን ቀጠለች፤ ክፍሉ ስለጠበበ ሁለት እርምጃ ሄዳ ትመለሳለች።

«እዚህ ቤት ያላችሁ ሁላችሁ፣ ስለ እጁ ስናገር ከአንዱ በቀር አልደነገጣችሁም። ታውቁ ነበራ። ይህን ያደረገው ሰው ግን እጁ ይሠራል ብሎ ከልቡ ያምን ነበር። 'ሎጋው ተደብቆ ይቆርጣል' ቢባል የሚገርም አልመሰለውም። አንድ ሰው ብቻ ነው እንዲህ ያመነው። ትናንት 'ሎጋው ብልጥ ነበር' ያለኝ፣ ዛሬ ደግሞ 'አይደለም' ያለው።»

ሁሉም ዞሩ። ቀልዴ ከግድግዳው ተላቅቆ ቆሟል። ፊቱ ላይ ቀልድ የለም።

«ይሠራል! ይሠራል ነው ያለኝ!» አለ። «እሱ ራሱ ነው የነገረኝ! እዚሁ ክፍል፣ በሩን ዘግቶ። 'ዝም በል፣ እጄ ደህና ነው፣ ኢንሹራንሱን ልበላው ነው፣ ለሚስቴም እንዳትነግር' አለኝ። ሳቀ! እኔም ሳቅሁ! ያን ቀን ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።»

«ሰንሰለቱን ያላሰርከው አንተ ነህ፣» አለች።

«ረሳሁት። ረሳሁት እንጂ ሆን ብዬ መሰለሽ? ጫኙ ሞቶ ስናገር... ከሞተ ምን ይጎዳዋል ብዬ ነው። ሎጋው አይቶኝ ዝም አለልኝ። ከዚያ እናትየዋ መጡ። ከትናንት በስቲያ ጠራኝ። 'እሳቸውን ካየሁ ወዲህ አልቻልኩም፤ ከነገ ወዲያ ኮሚቴው ፊት እናገራለሁ፤ አንተም አብረኸኝ ተናገር' አለኝ። እስር ቤት ልትከተኝ ነው አልኩት። 'እኔም ዝም በማለቴ እጠየቃለሁ፣ አብረን እንጠየቅ' አለ። ገፋሁት። በቃ፣ ገፋሁት። እዚያ ብረት ላይ...»

ጠርዙን ሊያሳይ እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው።

«እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው፣ አንድ ጊዜ በተገፋ፣» አለ። «በሁለት እጁ ጠረጴዛውን ይይዛል ብዬ ነበር። ለምን አልያዘም? ደጋግሜ ሳስብ ያደርኩት ይህንን ነው። ለምን አልያዘም?»

ማንም ሳይመልስለት መልሱ ደረሰው፤ በቆመበት ቁጭ አለ።

ሳጅኑ ተጠግቶ ክንዱን ያዘው። ቀልዴ ሲነሳ ወደ ሚስትየዋ ዞረ።

«እትዬ፣ ለምን ዋሸኝ?»

ሚስትየዋ ቀና ብላ አየችው። ሁሉም የምትጮህ መስሏቸው ነበር።

«እያለቀስክ አልተኛ ስላልክ ነዋ፣» አለችው።

ሳጅኑ ይዞት ወጣ። ጠበቃው ቦርሳውን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ጋሼ ወንበሩን ለቀው ተነሱና ለማንም ሳይናገሩ በበሩ ወጡ። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እና... ሪፖርቱ?»

«ሁለት መስመር ነበር ያሉኝ፣» አለች መርማሪዋ። እስክሪብቶዋን አውጥታ የሱፍ ጨርቁ ላይ ወረቀት ዘርግታ ቆማ ጻፈች። አንደኛው መስመር፦ የሟቹ ቀኝ እጅ መስታወቱ ከወደቀበት ቀን ጀምሮ አይሠራም ነበር፤ ካሳው ይገባዋል። ሁለተኛው፦ ሰንሰለቱን የፈታው ጫኙ አይደለም፤ የእናቱ ፋይል እንደገና ይከፈት።

ሥራ አስኪያጁ አነበበው። «ሁለተኛውን እኔ አልጠየቅሁሽም።»

«ሁለት መስመር ብለዋል። አንዱን ብቻ ልጻፍ?»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሄደ።

ሚስትየዋ ጋሼ የለቀቁትን ወንበር በመዳፏ ጠርጋ ገፋችላት። «አሁንስ ትቀመጪያለሽ?»

መርማሪዋ ወንበሩን አየችው፣ ጠረጴዛውን አየችው። ከዚያ ተቀመጠች። እግሯ ግን ተቀምጣም ይንቆራጠጥ ነበር።